የድሮ ማከማቻ ፍጥነትን ከፋይበር መስመር ፍጥነት ጋር ማስላት፦ ከስካዚ ቴፕ እስከ ጊጋቢት ፋይበር

«10 ሜጋ ኢንተርኔት አስገባሁ» የሚለውም «700 ሜጋ ፊልም አወረድኩ» የሚለውም ሰው የሚጠቀመው ቃል አንድ ነው፦ ሜጋ። የመጀመሪያው ሜጋቢት በሰከንድ ማለቱ ነው፣ ሁለተኛው ሜጋባይት። ልዩነታቸው ስምንት እጥፍ ነው። ለፊልም ከሆነ ስህተቱ ትንሽ ከማስጠበቅ አያልፍም። አንድ መሥሪያ ቤት የብዙ ዓመት መዝገቡን ከድሮ ቴፕ አውጥቶ በፋይበር ወደ ሌላ ሕንፃ ወይም ከተማ ሊያሻግር ሲያቅድ ግን፣ «ከአንድ ቀን ትንሽ ቢያልፍ ነው» የተባለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ተኩል ይፈጃል። የዚህ ቁጥር ስሌት ታች አለ።

እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 24 የኤል ቲ ኦ 3 (የመጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት የማግኔት ቴፕ፣ ሦስተኛው ትውልድ) ካሴቶች አሉ፤ እያንዳንዱ 400 ጊጋባይት ይይዛል፣ ሁሉም ሙሉ ናቸው፣ ሲጻፉ አልተጨመቁም። ጠቅላላው 9.6 ቴራባይት ነው። ቴፕ ድራይቩ (ካሴቱን የሚያነበው መሣሪያ) በአልትራ 320 ስካዚ (ዲስክና ቴፕን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የድሮ መስመር) ካርድ ከአንድ የድሮ ሰርቨር ጋር ተያይዟል። ሰርቨሩ የጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ አለው፤ ከዚያ ስዊች፣ ከስዊቹ ፋይበር። ጥያቄው ዳታው ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ የሚያዘገየውስ የቱ ነው የሚል ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የስካዚ ወይም የሳታ (የኋለኞቹ ዲስኮች መስመር) ኬብልን ወደ ፋይበር የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ፍለጋ ገበያ አትውጡ። ገበያ ላይ ሚዲያ ኮንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚቀይረው የኤተርኔት መዳብን ወደ ኤተርኔት ፋይበር ነው። በማከማቻውና በፋይበሩ መካከል የሚቆመው ትክክለኛው «መቀየሪያ» ሰርቨሩ ራሱ ነው፤ ከዚህ በኩል ባይት ያነባል፣ ከዚያ በኩል ፓኬት ይልካል።

ደረጃ 1፦ አሃዱን አንድ አድርጉ

ያላችሁን ቁጥር ሁሉ ወደ ሜጋባይት በሰከንድ ቀይሩ፤ ሜጋባይት ስንልም አንድ ሚሊዮን ባይት ማለታችን ነው። የማከማቻ ዕቃ አምራቾች የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። የኔትወርክ ሰዎች በቢት ስለሚናገሩ የእነሱን ቁጥር ለ8 አካፍሉ፦ 100 ሜጋቢት 12.5 ሜጋባይት፣ 1 ጊጋቢት 125 ሜጋባይት ይሆናል። በላቲን ፊደል በተጻፈ ሰነድ ላይ ትንሿ ቢ ቢት፣ ትልቋ ቢ ባይት ናት፤ ሆኖም የዕቃ ማሸጊያ የሚያትሙ ሰዎች ይህን ሁልጊዜ ስለማይጠነቀቁ ፊደሏን ብቻ አትመኑ። ለአለቃ ወይም ለደንበኛ የምታቀርቡትን ሪፖርት በአማርኛ ስትጽፉ «ሜጋ» ብላችሁ አትተዉት፣ «ሜጋቢት» ወይም «ሜጋባይት» ብላችሁ ጨርሱት።

ዊንዶውስ ፋይል ሲገለብጥ የሚያሳየው ሜጋባይት ደግሞ ሌላ ነው። እሱ 1,048,576 ባይትን አንድ ሜጋባይት ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ 117.7 ሚሊዮን ባይት በሰከንድ የሚያልፍበት መስመር በዊንዶውስ ላይ 112 ሆኖ ይታያል። ምንም አልጠፋም፤ 117.7ን ለ1.048576 ማካፈል ብቻ ነው።

ድሮ የነበረው ፍሎፒ ዲስክ ከሁለቱም ወገን አይደለም። 1.44 የሚለው ቁጥር 1,440 ጊዜ 1,024 ባይት ነው፣ ማለትም 1,474,560። ፍጥነቱ 500 ኪሎቢት በሰከንድ ስለሆነ በባይት 62.5 ኪሎባይት ይመጣል። ሲዲና ዲቪዲ በ«ኤክስ» ይቆጠራሉ፦ የሲዲ 1 ኤክስ 153,600 ባይት በሰከንድ፣ የዲቪዲ 1 ኤክስ 1.385 ሜጋባይት፣ የብሉሬይ 1 ኤክስ 4.5 ሜጋባይት ነው። 52 ኤክስ የተጻፈበት ሲዲ ማንበቢያ 8 ሜጋባይት በሰከንድ ገደማ ይሰጣል፤ ያውም በሲዲው የውጭ ጠርዝ ላይ ብቻ። ወደ መሃሉ ሲጠጋ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለዕቅድ የጽሑፉን ሁለት ሦስተኛ ያህል ያዙ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩ ከነጆንያው ነው ወይስ የተጣራ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እህል ሲመዘን ከነጆንያው ነው ወይስ ያለ ጆንያው ተብሎ ይጠየቃል። የፍጥነት ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ ቴክኖሎጂ የራሱን ቁጥር በራሱ ልማድ ይጠራል፣ ልማዱም አይመሳሰልም።

ትይዩ መስመሮች፣ ማለትም የድሮዎቹ ስካዚና አይ ዲ ኢ፣ በቀጥታ በሜጋባይት ይጠራሉ። ፋስት ስካዚ 10፣ ፋስት ዋይድ 20፣ አልትራ ዋይድ 40፣ አልትራ 2 ዋይድ 80፣ ከዚያ 160 እና 320። አይ ዲ ኢ ደግሞ 33፣ 66፣ 100፣ 133። እዚህ ማካፈል የለም። ነገር ግን ቁጥሩ የመስመሩ እንጂ የዕቃው አይደለም፤ በአንድ ስካዚ ኬብል ላይ የተሰለፉት ሁሉ ይካፈሉታል። ትእዛዞች ከዳታው በዝግታ ስለሚያልፉም ሙሉው ቁጥር በተግባር አይገኝም።

ሳታ የሚጠራው ከነጆንያው ነው። 1.5 ጊጋቢት ሲል በኬብሉ ላይ የሚሮጠውን ቢት ሁሉ ይቆጥራል። በእያንዳንዱ 8 ቢት ዳታ ፋንታ 10 ቢት ስለሚላክ (8 ለ10 ኮድ ይባላል) አንድ ባይት 10 ቢት ይበላል። ስለዚህ ለ8 ሳይሆን ለ10 አካፍሉ፦ 1.5 ጊጋቢት 150 ሜጋባይት፣ 3 ጊጋቢት 300፣ 6 ጊጋቢት 600። ኤስ ኤ ኤስ (የስካዚ ተተኪ የሆነው መስመር) እስከ 12 ጊጋቢት ድረስ፣ የመጀመሪያው ዩ ኤስ ቢ 3ም (5 ጊጋቢት፣ 500 ሜጋባይት) በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ። ዩ ኤስ ቢ 2 ግን ይህ ኮድ የለውም። 480 ሜጋቢቱን ለ8 ስናካፍል 60 ይመጣል፤ ከአሠራሩ የተነሳ ለፋይል የሚተርፈው ቢበዛ 53 ነው፣ የውጭ ዲስኮች ላይ የሚታየው ደግሞ ከ30 እስከ 40።

የኤተርኔት ፋይበር በተቃራኒው ጆንያውን አስቀድሞ ቀንሶ ይጠራል። በጊጋቢት ኤተርኔት ፋይበር ላይ ብርሃኑ የሚበራና የሚጠፋው በሰከንድ 1.25 ቢሊዮን ጊዜ ነው፣ ኮዱም ያው 8 ለ10 ነው፤ ግን ስሙ «1 ጊጋቢት» የተባለው ኮዱ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚካፈለው ለ8 ነው። «ጊጋቢትን ለ10 አካፍል» የሚለውን ከሳታ የለመደ ሰው ወደ ኤተርኔት ይዞት ሲመጣ 100 ሜጋባይት ያገኝና 25ቱን ያጣል። ባለ 10 ጊጋቢቱም እንደዚሁ ነው፤ መስመሩ ላይ 10.3125 ይሮጣል፣ ኮዱ 64 ለ66 ነው፣ የተጣራው 10 ይሆናል።

ፋይበር ቻናል (ሰርቨርን ከማከማቻ ጋር የሚያገናኝ፣ ከኤተርኔት የተለየ መስመር) ከሁለቱም ይለያል። ባለ «4 ጊጋ» የሚባለው ትክክለኛ የመስመር ፍጥነቱ 4.25 ነው። ለ10 ሲካፈል 425 ሜጋባይት፣ የፍሬም ራስጌና ክፍተት ሲቀነስ 413 ገደማ። አምራቾቹ 400 ብለው ይጠሩታል፣ ለዕቅድም ይህ በቂ ነው። 1 ጊጋው 100፣ 2 ጊጋው 200፣ 8 ጊጋው 800። 16 ጊጋው ላይ ኮዱ ወደ 64 ለ66 ስለተቀየረ 14.025 ብቻ እየሮጠ 1,600 ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ሰው «16 ብለው 14 ሸጡልኝ» ብሎ ይጣላል።

የቴሌኮም ድርጅቶች የረጅም ርቀት መስመር፣ ኤስ ዲ ኤች፣ ከነጆንያው ይጠራል፣ ጆንያውም ሌላ ዓይነት ነው። ኤስ ቲ ኤም 1 ማለት 270 አምድ በ9 ረድፍ የሆነ የባይት ሠንጠረዥ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ሲላክ ነው፦ 270 × 9 × 8 × 8,000 = 155.52 ሜጋቢት። ከአምዶቹ 10ሩ ለመስመሩ አስተዳደር ይውላሉ። ለደንበኛ የሚተርፈው 260 አምድ፣ 149.76 ሜጋቢት ነው። ኤስ ቲ ኤም 4 የሚለው 622.08 ሲሆን የተጣራው 599.04፣ ኤስ ቲ ኤም 16 የሚለው 2,488.32 ሲሆን የተጣራው 2,396.16። ሙሉ ጊጋቢት ኤተርኔት በኤስ ዲ ኤች ላይ ለማሳለፍ 7 የኤስ ቲ ኤም 1 ጭነቶች ተጣምረው መሰጠት አለባቸው (1,048.32 ሜጋቢት)። ውላችሁ ላይ ከ7 በታች ከተጻፈ፣ የስዊቹ መብራት 1 ጊጋቢት ቢልም መስመሩ ጊጋቢት አይደለም።

ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ የሚገባው ፋይበር ብዙውን ጊዜ ጂፖን ነው፤ አንዱ ፋይበር ስፕሊተር በሚባል መክፈያ ለብዙ ደንበኛ ይከፋፈላል። ወደ ደንበኛው 2.488 ጊጋቢት ይወርዳል፣ ከደንበኛው ወደ ላይ የሚወጣው ግን 1.244 ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ስፕሊተር ላይ ያሉ 32 ወይም 64 ደንበኞች ይካፈሉታል። መዝገብ የሚልክ ሰው የሚፈልገው የመውጫውን ፍጥነት ነው። የጥቅሉን የማውረጃ ቁጥር ይዛችሁ አታስሉ፤ የመጫኛው ስንት እንደሆነ አቅራቢውን ለይታችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የፓኬቱን ማሸጊያ ቀንሱ

በኤተርኔት ላይ ፋይል የሚሄደው እየተቆራረጠ ነው። መደበኛው ፓኬት 1,500 ባይት ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 20 ለአይፒ፣ 20 ለቲሲፒ፣ 12 ለቲሲፒ የሰዓት ማህተም ይወጣል፤ የፋይሉ ድርሻ 1,448 ነው። ከ1,500ው ውጭ ደግሞ 14 ባይት ራስጌ፣ 4 ማረጋገጫ፣ 8 መነሻ፣ 12 የባዶ ክፍተት አለ። መስመሩ ላይ ጠቅላላ 1,538 ባይት ያልፋል።

1,448 ÷ 1,538 = 0.9415

ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። በጊጋቢት መስመር 125 × 0.9415 = 117.7 ሜጋባይት በሰከንድ። በ100 ሜጋቢት 11.77። መለኪያ ፕሮግራሙ 941 ሜጋቢት ካሳያችሁ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ «59 ሜጋቢት የት ሄደ?» ብላችሁ አቅራቢውን አትክሰሱ።

ፓኬቱን ወደ 9,000 ባይት ማሳደግ ይቻላል፣ ጃምቦ ፍሬም ይባላል። ድርሻው 0.99 ይደርሳል፣ ጊጋቢቱም 123.8 ሜጋባይት ይሰጣል። ትርፉ 5 በመቶ ነው። ለዚህ ሲባል በመንገዱ ያሉት ካርዶች፣ ስዊቾችና ኮንቨርተሮች በሙሉ 9,000 መቀበል አለባቸው። አንዱ ካልተቀበለ ትናንሽ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ ፒንግ ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሁሉንም ዕቃ እናንተ ካልተቆጣጠራችሁት 1,500ው ላይ ብትቆዩ ይሻላል።

በኤስ ዲ ኤች ላይ የሚያልፍ ኤተርኔት የመነሻውንና የክፍተቱን 20 ባይት ጥሎ በምትኩ 8 ባይት ይጨምራል፤ 1,448 ÷ 1,526 = 0.949። ኤስ ቲ ኤም 4ን በዚህ ስናሰላ፦ 599.04 ÷ 8 = 74.88፣ ሲባዛ በ0.949 = 71 ሜጋባይት በሰከንድ።

ደረጃ 4፦ መንገዱን በሙሉ ዘርዝራችሁ ማነቆውን ፈልጉ

ዳታው ከቴፑ ተነስቶ እስከ መድረሻው ዲስክ የሚያልፍበትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን የተጣራውን ሜጋባይት አስቀምጡ። በምሳሌያችን፦

ቴፕ ድራይቭ (ኤል ቲ ኦ 3)፦ 80
አልትራ 320 ስካዚ፦ 320፣ በተግባር ያንሳል
የሰርቨሩ ፒሲአይ መስመር (ካርዶቹ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩበት)፦ ታች ይታያል
የጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ፦ 117.7
ፋይበር፦ ጊጋቢት ከሆነ 117.7፣ ኤስ ቲ ኤም 4 ከሆነ 71፣ 100 ሜጋቢት አገልግሎት ከሆነ 11.77
መድረሻ ሃርድ ዲስክ፦ ከከፍተኛው ቁጥሩ ሳይሆን ከውስጠኛው ትራክ ቁጥር ተነሱ፤ የውጩን ግማሽ ያህል ነው

የሚረሳው ፒሲአይ ነው። የድሮው ባለ 32 ቢት፣ 33 ሜጋኸርትዝ ፒሲአይ 133 ሜጋባይት ይችላል፣ ይህንንም በላዩ ላይ ያሉት ካርዶች ሁሉ ይካፈሉታል። ስካዚ ካርዱና ኔትወርክ ካርዱ በአንድ ፒሲአይ ላይ ከተሰኩ አንዱ ባይት መንገዱን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፦ ከስካዚ ወደ ማስታወሻ (ራም)፣ ከማስታወሻ ወደ ኔትወርክ። 133 ለሁለት ሲካፈል 66፤ ካርዶቹ ተራ ሲጠባበቁ የሚባክነው ሲቀነስ 50 ገደማ ይቀራል። ቴፑ 80፣ ፋይበሩ 117 እየቻሉ ሥራው በ50 የሚሄደው ለዚህ ነው። ሰርቨሩ ፒሲአይ ኤክስ ካለው (ረጅሙ ማስገቢያ፣ 64 ቢት፣ በ133 ሜጋኸርትዝ 1,066 ሜጋባይት) ስካዚ ካርዱን እዚያ አዛውሩ። ወይም ኔትወርክ ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ በሌላ መስመር የተሠራ እንደሆነ የሰርቨሩን ሰነድ አይታችሁ አረጋግጡ።

ስካዚ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አልትራ 2 እና ከዚያ በላይ ያለው የሚሠራው ኤል ቪ ዲ በሚባል ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። በዚያው ኬብል ላይ አንድ የቆየ ዕቃ፣ ለምሳሌ ባለ 50 ፒን ሲዲ ማንበቢያ ከሰካችሁ፣ ኬብሉ በሙሉ ወደ ድሮው አሠራር ይወርድና ከ40 አያልፍም። ቴፑን ለብቻው በራሱ ኬብል አድርጉት፣ ጫፉ ላይ የኤል ቪ ዲ ተርሚኔተር (የኬብል ጫፍ መዝጊያ) ይኑረው። ኤች ቪ ዲ የሚል ምልክት ያለበት ዕቃ ግን ከኤል ቪ ዲ ጋር በፍጹም አይገናኝም። መሰኪያው ይገጥማል፣ ዕቃው ግን ሊቃጠል ይችላል።

ዕድል ካላችሁ ይህን ሁሉ መዝለል ይቻላል። የኤል ቲ ኦ 4 እና 5 ድራይቮች የኤል ቲ ኦ 3 ካሴት ያነባሉ፣ ኤስ ኤ ኤስ መሰኪያ ያለው ዓይነትም አላቸው። አንዱን ተውሳችሁ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ብታገናኙ ስካዚውም ፒሲአዩም ከመንገዱ ይወጣሉ። የስካዚውን ሰርቨር ከማደስ ይህንን እመርጣለሁ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አስሉ

ጠቅላላውን ዳታ በማነቆው ቁጥር አካፍሉ። 9.6 ቴራባይት ማለት 9,600,000 ሜጋባይት ነው።

ማነቆው ቴፑ ከሆነ፦ 9,600,000 ÷ 80 = 120,000 ሰከንድ፣ 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።
ማነቆው ፒሲአይ ከሆነ በ50፦ 192,000 ሰከንድ፣ 53 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።
በኤስ ቲ ኤም 4 በ71፦ 135,200 ሰከንድ ገደማ፣ 37 ሰዓት ተኩል።
በ100 ሜጋቢት አገልግሎት በ11.77፦ 815,600 ሰከንድ ገደማ፣ 9 ቀን ተኩል።

የመግቢያው ስህተት የመጣው ከመጨረሻው መስመር ነው። «100 ሜጋ» የሚለውን 100 ሜጋባይት ብሎ ያሰላ ሰው 96,000 ሰከንድ ያገኛል፣ 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

በዚህ ላይ ካሴት መጫኛ፣ መጠቅለያና ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ጊዜ ይጨመራል። 24 ካሴት በእጅ የሚቀየር ከሆነ፣ እያንዳንዱ 83 ደቂቃ ሲነበብ ሌሊት ማን እንደሚቀይር ካልተወሰነ 33 ሰዓቱ በሥራ ሰዓት ብቻ ወደ ሳምንት ይጠጋል።

ካሴቱ ላይ «400/800» የሚል ተጽፎ ታዩ ይሆናል። ሁለተኛው ቁጥር ዳታው በግማሽ ይጨመቃል ከሚል ግምት የመጣ ነው። ሲጻፍ ተጨምቆ ከነበረ፣ ድራይቩ ሲያነብ ፈትቶ ስለሚያወጣው ከ80 በላይ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ ማነቆው ወደ ኔትወርኩ ይዛወራል፣ ጠቅላላውም 9.6 ሳይሆን እስከ 19.2 ቴራባይት ሊደርስ ይችላል። አንድ ካሴት አንብባችሁ የወጣውን ባይት ሳትቆጥሩ ዕቅድ አታጽድቁ።

ቴፕን በቀጥታ ወደ ቀርፋፋ መስመር ማንበብም ጥሩ አይደለም። ተቀባዩ ሲዘገይ የድራይቩ ማስታወሻ ይሞላል፣ ቴፑ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ኤል ቲ ኦ 3 ፍጥነቱን በመጠኑ ስለሚቀንስ 71 ሜጋባይት አያስቸግረውም፤ 11.77 ግን ከዝቅተኛው ፍጥነቱ በታች ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ እንዲህ ሲመላለስ ያረጀው ቴፕም የማንበቢያው ጭንቅላትም ይጎዳሉ። መጀመሪያ ካሴቱን በሙሉ ፍጥነት ወደ አጠገቡ ዲስክ አንብቡ፣ ከዚያ ዲስኩ በፈለገው ዝግታ ይላክ።

ደረጃ 6፦ ርቀት ካለ መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ አስገቡ

ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን የባቡር ሐዲድ ያህል፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ፋይበር ቢኖር፣ መሄጃው 3.75፣ ደርሶ መልሱ 7.5 ሚሊሰከንድ ነው። የመሣሪያዎቹ መዘግየት ገና አልተጨመረም።

ቲሲፒ የተወሰነ መጠን ልኮ «ደርሷል» የሚል መልስ ይጠብቃል። ዊንዶውስ ኤክስፒና ሰርቨር 2003 ቅንብራቸው ካልተነካ በአንድ ጊዜ ከ65,535 ባይት በላይ አይለቁም። 65,535 ÷ 0.0075 = 8.7 ሜጋባይት በሰከንድ። ፋይበሩ ጊጋቢት፣ ካርዱ ጊጋቢት፣ የሚያልፈው ግን 8.7። መስመሩን ለመሙላት በጉዞ ላይ መኖር ያለበት 125,000,000 × 0.0075 = 937,500 ባይት ነው። መፍትሔው ትልቅ መስኮት (መልስ ሳይመጣ የሚለቀቅ መጠን) የሚችል አዲስ ስርዓት መጠቀም፣ ወይም ዳታውን በ15 ወይም በ16 ትይዩ ግንኙነቶች ከፋፍሎ መላክ ነው። ከተማ ውስጥ፣ 10 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ደርሶ መልሱ 0.1 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ይህ ችግር አይታይም። ለዚህም ነው ቢሮ ውስጥ ተፈትሾ «ይሠራል» የተባለው ዕቃ ክፍለ ሀገር ሲደርስ የሚያንቀላፋው።

የጠፋ ፓኬት ከርቀት ጋር ሲደመር የባሰ ነው። በድሮው የቲሲፒ አሠራር ከፍተኛው ፍጥነት የፓኬቱ ዳታ ለደርሶ መልሱ ተካፍሎ፣ በ1.22 ተባዝቶ፣ ለጥፋቱ መጠን ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከ10,000 ፓኬት አንድ ቢጠፋ፦ 1,448 ÷ 0.0075 × 1.22 ÷ 0.01 = 23.6 ሜጋባይት። አንድ የቆሸሸ ማገናኛ የመስመሩን አራት አምስተኛ ሊበላ ይችላል ማለት ነው።

ፋይበር ቻናልን በቀጥታ በረጅም ፋይበር የሚያገናኝ ሰው ደግሞ ክሬዲት (መልስ ሳይመጣ ሊላክ የሚችል የፍሬም ብዛት) ይቆጥር። ባለ 4 ጊጋው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2 ያህል ክሬዲት ይፈልጋል፤ ለ50 ኪሎ ሜትር 100። ፖርቱ ያለው 8 ብቻ ከሆነ ከ400ው ሜጋባይት 32 ብቻ ያልፋል። 1 ጊጋው ለአንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ፣ 8 ጊጋው 4 ይፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ሰክታችሁ ለኩ

ኤስ ኤፍ ፒ ሞጁሎች (ስዊች ወይም ካርድ ላይ ተሰክተው ፋይበሩን የሚቀበሉ ትናንሽ ዕቃዎች) መልካቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። የባለ 1 ጊጋ ፋይበር ቻናል ሞጁል በ1.0625 ጊጋቢት፣ የጊጋቢት ኤተርኔቱ በ1.25 ይሮጣል፤ ሁለቱንም የሚችል ካልሆነ መብራት አይመጣም። ኤስ ኤክስ የሚለው 850 ናኖሜትር ብርሃን ለባለ ብዙ ሞድ ፋይበር ነው፣ እስከ 550 ሜትር። ኤል ኤክስ 1310 ናኖሜትር ለነጠላ ሞድ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአንድ ክር የሚሠሩት ሞጁሎች ጥንድ ናቸው፤ አንዱ በ1310 ከላከ ሌላው በ1310 የሚቀበል መሆን አለበት። ሁለት ተመሳሳይ ገዝቶ መምጣት የተለመደ ስህተት ነው። ለ80 ኪሎ ሜትር የተሠራ ሞጁል በ2 ኪሎ ሜትር ፋይበር ላይ ከተሰካ ተቀባዩን በብርሃን ያጥለቀልቀዋል፤ መካከል ላይ አቴንዌተር (ብርሃን መቀነሻ) ይግባ። አረንጓዴውን ማገናኛ ከሰማያዊው ጋር አታጋጥሙ፤ ጫፋቸው አንዱ ዘወር ያለ፣ ሌላው ቀጥ ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ይባክናል፣ መስታወቱም ይጫጫራል።

ጫፉን ከመሰካታችሁ በፊት ሁልጊዜ በፋይበር ማጽጃ አጽዱ፤ በሸሚዝ ጠርዝ አይደለም። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ለኩ። መጀመሪያ ስዊቹ ላይ የስህተት ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉና ለአሥር ደቂቃ ትራፊክ አሳልፉ፤ የሲ አር ሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ፓኬት) አንድም ቢሆን ከጨመረ ወደ ማገናኛው ተመለሱ። ቀጥሎ በአይፐርፍ (የመስመር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ከማስታወሻ ወደ ማስታወሻ ለ30 ሰከንድ ለኩ፤ ዲስክ አልገባበትምና የሚታየው የመስመሩ ብቻ ነው። 941 ሜጋቢት ወይም ወደዚያ የቀረበ ይጠበቃል። 94 ካሳየ በመንገዱ ላይ አንድ ባለ 100 ሜጋቢት ዕቃ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ሚዲያ ኮንቨርተር ነው። ሁለትና ሦስት ሜጋቢት ካሳየ አንዱ ጫፍ በእጅ «100 ሙሉ» ተደርጎ ሌላው በአውቶ ተትቷል፤ አውቶው ተነጋጋሪ ሲያጣ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ፒንግ ይሠራል፣ ፋይል ይሳባል። ሁለቱንም አውቶ ወይም ሁለቱንም በእጅ አድርጓቸው።

መስመሩ ደህና ከሆነ ቴፑን ብቻ ወደ ባዶ መዳረሻ አንብቡ፣ ከዚያ መድረሻ ዲስኩን ብቻ ጻፉ፣ በመጨረሻ ሁሉንም አገናኙ። ሦስቱ ለየብቻ ጥሩ ሆነው አንድ ላይ ከወረዱ ጥፋተኛው የጋራው መንገድ፣ ማለትም ፒሲአይ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። በተመሰጠረ መንገድ የምትልኩ ከሆነ የድሮ ሰርቨር ፕሮሰሰር ገና ፋይበሩ ሳይሞላ መቶ በመቶ ይደርሳል፤ መስመሩ የራሳችሁ ሕንፃ ውስጥ ካልሆነ ግን ምስጠራውን አትንኩት፣ ሥራውን ወደ አዲስ ኮምፒውተር አዛውሩት።

ለማረጋገጫም ጊዜ መድቡ። በሁለቱም ጫፍ የእያንዳንዱን ፋይል ቼክሰም (ከይዘቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ማስላት ማለት 9.6 ቴራባይቱን እንደገና ማንበብ ነው። መድረሻ ዲስኩ 150 ሜጋባይት በሰከንድ ቢያነብ 64,000 ሰከንድ፣ 17 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይሆናል። ቼክሰሙን በላኪው በኩል ካሴቱ ወደ ዲስክ ሲነበብ አብራችሁ ካሰላችሁት የዚያኛው ጫፍ ሰዓት ይቀራል፤ የመድረሻው ግን አይቀርም። ሁለቱ ዝርዝሮች ተመሳክረው እስኪያልቁ ድረስ 24ቱ ካሴቶች የመጻፊያ መቆለፊያቸው ተዘግቶ በመደርደሪያቸው ይቆዩ።